"ፎቶሽን እለቀዋለሁ" ካለሽ ቻቱን አታጥፊው

"ብር ካልላክሽ ፎቶሽን ቴሌግራም ላይ እለቀዋለሁ" የሚል መልእክት ሲመጣ እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ማጥፋት ነው። ይገባኛል፣ ድንጋጤው ከባድ ነው። ግን ቆይ እህቴ። ያ መልእክት ማስረጃሽ ነው።

አሁኑኑ ስክሪንሾት አንሺ፣ ነገ አትበይ። ቴሌግራም ላይ እሱ ከፈለገ ቻቱን ካንቺም ስልክ ላይ ጭምር ሊያጠፋው ይችላል። ስሙ፣ ዩዘርኔሙ፣ ስልክ ቁጥሩ፣ ቀንና ሰዓቱ ይታዩ። ዩዘርኔም በደቂቃ ስለሚቀየር ፕሮፋይሉንም ከፍተሽ አንሺ። ቻናል ላይ ለቆት ከሆነ የፖስቱን ሊንክ ኮፒ አድርጊ። ብር ላኪበት ያለሽን የሂሳብ ወይም የቴሌብር ቁጥርም ያዢ፣ በውሸት አካውንት የተደበቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያዘው በብሩ በኩል ነው። ብሩን ግን አትላኪ። አንዴ ከላክሽ ሰውየው ሌላ ብር ሊጠይቅ ተመልሶ ይመጣል።

አሁን ወደ ሕጉ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13ን ያዢ። ብዙ ሰው "ገና አልለቀቀውም እኮ፣ ምን ብዬ ልክሰሰው?" ይላል። ማስፈራራቱ ራሱ ወንጀል ነው! እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ነገሩ ከባድ ከሆነ ደግሞ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። መልእክት እየደጋገመ ካስጨነቀሽ ጽኑ እስራቱ እስከ 10 ዓመት ይደርሳል። ክብርን የሚነካ ምስል ማሰራጨት እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 30 ሺህ ብር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱንም ያስከትላል። ይሄኛው የሚታየው ግን አንቺ የግል አቤቱታ ስታቀርቢ ነው፣ ለዚያም ያለሽ ጊዜ 3 ወር ብቻ ነው። አዋጁ "ያለፈቃድ የተሰራጨ የገላ ምስል" ብሎ ለይቶ አልጻፈም። በእኔ እምነት መጻፍ ነበረበት።

ምስሉ ላይ ያለችው ልጅ ከ18 ዓመት በታች ከሆነች አንቀጽ 12 ይመጣል፣ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት። ስልክ ላይ ይዞ መገኘት ብቻውን ያስቀጣል። ስለዚህ "እዩ ምን እንዳደረጋት" ብላችሁ ለማንም እንዳትልኩ።

ፖሊስ ጣቢያ ብቻሽን አትሂጂ። አንዲት ጓደኛዬን ይዤ ስሄድ ተረኛው መጀመሪያ የጠየቃት "ለምን ላክሽለት?" ብሎ ነው። እስካሁን ያናድደኛል። እሷ ዝም አለች፣ እኔ አንቀጹን ጠቅሼ ቃሏ እንዲመዘገብ ጠየቅኩ፣ ተመዘገበ። ለፍቅረኛ በእምነት መላክ እሱ እንዲያሰራጨው መፍቀድ አይደለም። ሲጠይቁሽ ይህንኑ በይ።

ጎን ለጎን ምስሉን ማስወረድ አለ። ስቶፕ ኤንሲአይአይ የሚባል ነፃ አገልግሎት ምስሉን ከስልክሽ ሳያወጣ ዲጂታል አሻራውን፣ ማለትም ምስሉን የሚለይ ኮድ ብቻ ወስዶ ለፌስቡክ፣ ለኢንስታግራምና ለቲክቶክ ይሰጣል። እነሱም ያንን ምስል ሲያገኙት ያግዱታል። ከ18 በታች ለሆኑ ቴክ ኢት ዳውን የሚባል ሌላ አለ። ቴሌግራም ላይ ፖስቱን ተጭነሽ ሪፖርት አድርጊ፣ ጓደኞችሽም ያድርጉ። ጉግል ላይ ስምሽ ሲፈለግ ከመጣም እንዲወጣ መጠየቅ ይቻላል።

አሜሪካ ያላችሁ በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ሕግ አለላችሁ፣ በኤአይ የተሠራ የውሸት ምስልንም ይጨምራል። ድርጅቶቹ ጥያቄ በደረሳቸው በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያወርዱ ያስገድዳል። ስትጠይቁ ሊንኩን አያይዙ፣ የላካችሁበትንም ሰዓት ጻፉ፣ 48ቱ ሰዓት የሚቆጠረው ከዚያ ነው።