ጡት ሲያብጥና ሲያተኩስ ማጥባት አይቋረጥም

የምታጠባ እናት አንደኛው ጡቷ በአንድ በኩል ጠጥሮና ቀልቶ ሲነኩት የሚያቃጥል ሲሆን፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲጨመርበት፣ ብዙ ጊዜ የሚቀናት ሕፃኑን ከዚያ ጡት ማራቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ወተቱ ጤነኛና ጊዜውን ጠብቆ የተወለደን ሕፃን አይጎዳም፣ ማጥባትን በድንገት ማቆም ግን ወተቱ እንዲጠራቀምና መግል እንዲቋጥር መንገድ ይከፍታል። ስለዚህ ሕፃኑ በፈለገ ጊዜ ሁሉ ይጥባ። ጡቱን ባዶ ለማድረግ እየተባለ ደጋግሞ ማለብ ወተቱን ይበልጥ ስለሚያበዛ አይጠቅምም፤ ብዙዎች የሚመክሩት በኃይል ማሸትም (ሕመሙን ማባባሱ ሳያንስ) እብጠቱን ይጨምራል። የሚሻለው በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለጥቂት ደቂቃ እየያዙ ማሳረፍ፣ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ለሌለባት ደግሞ ኢቡፕሮፌን መውሰድ ነው።

ሕመሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልቀለለ ወይም እየጠና ከሄደ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው አንቲባዮቲክ ከ10 እስከ 14 ቀን የሚወሰድ ስለሆነ፣ ትኩሳቱ ቶሎ ቢበርድም መድኃኒቱ እስከ መጨረሻው መወሰድ አለበት። መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ ለውጥ ካልታየ፣ መግል ተቋጥሮ እንደሆነ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ካለም ብዙ ጊዜ በመርፌ ይቀዳል።