ከወረርሽኙ ወዲህ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርትና የአእምሮ ጤና ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሁለተኛውን ሴሚስተር ብዙም አልገፉበትም ነበር። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በመጀመሪያ ከግቢ እንዳይወጡ ከተነገራቸው በኋላ ወሩ ሳያልቅ ወደየቤታቸው ተሸኙ። የ15 ቀን ዕረፍት መስሏቸው ደብተራቸውን ዶርም ውስጥ ትተው የወጡ ብዙዎች ነበሩ፤ የተመለሱት ግን ከወራት በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም.፣ ተመራቂዎች ቀድመው ሌሎቹ በየተራ እየተጠሩ ነው። በመካከሉ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በኢንተርኔት ለማስተማር ሲሞከር የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪው በአብዛኛው ያለ ትምህርት ተቀመጠ፤ በሰኔ ወር መጨረሻ ደግሞ ኢንተርኔቱ ራሱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጦ ነበር።

እኔ የሥነ አእምሮ ሐኪም አይደለሁም። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የማስተምርና በየሴሚስተሩ የተወሰኑ ተማሪዎችን የኮርስ ምዝገባ አይቼ የምፈርም አማካሪ መምህር ነኝ። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ካየኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከአንድ ልማድ ይመነጫሉ፤ ውጤቱን ለሬጅስትራር፣ ጭንቀቱን ለክሊኒክ አከፋፍለን፣ ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ በአንድ ሌሊት እንደሚወርዱ እንዘነጋለን።

ወረርሽኙ ስላለፈ ጉዳዩም አብሮ ተዘግቷል ማለት

የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ኮሮና ዓለም አቀፍ የጤና አደጋ መሆኑ እንዳበቃ አስታውቋል። የትምህርቱ ሒሳብ ግን በዚያ ቀን አልተዘጋም። በ2012 ዓ.ም. የ9ኛ ክፍል ተማሪ የነበረ ልጅ ክፍል ሳይደግም ከዘለቀ ዩኒቨርሲቲ የገባው በ2016 ዓ.ም. ነው፤ የ8ኛ ክፍሉ ደግሞ በ2017 ዓ.ም.። የ9ኛ ክፍል ሒሳብና ፊዚክስ ሁለተኛ አጋማሽ ለዚህ ልጅ በወጉ አልተነገረውም፤ እኛ ግን የፍሬሽማን ኮርስ ላይ «ይህንን ድሮ ታውቁታላችሁ» ብለን እናልፈዋለን። ተማሪው እጁን አውጥቶ አላውቀውም አይልም። የማያውቀው እርሱ ብቻ ስለሚመስለው አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል፣ ከዚያም ራሱን ደደብ ነኝ ብሎ ይደመድማል። የትምህርት ክፍተት ወደ አእምሮ ጭንቀት የሚለወጠው እንዲህ ባለች ትንሽ ዝምታ ነው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ወረርሽኙን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም፤ የቆየ የጥራት ችግርም፣ የጠበቀ የፈተና አሰጣጥም አለበት። 50 በመቶ ሳያመጡ በሪሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ፕሮግራም በኩል የገቡት ልጆች ግን «ወድቀን ነው የገባነው» የሚል ስሜት ተሸክመው እንደሚመጡ በየዓመቱ አያለሁ። ደግሞም የኛ ተማሪ ከኮሮና በቀጥታ ወደ ሰላም አልተመለሰም። ተማሪዎች ወደ ግቢ በሚጠሩበት በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ፤ የትግራይ ዩኒቨርሲቲዎች ለዓመታት ተዘጉ፣ የወልድያ ዩኒቨርሲቲም ተዘርፎና ወድሞ ነበር። ስለዚህ አንድ ተማሪ «ከኮሮና ወዲህ እንዲህ ሆንኩ» ሲል ኮሮና የሚለው ቃል የዘመኑ ስም ሊሆን ይችላል፤ በውስጡ የሞተ ወንድም ወይም ቀዬውን ለቅቆ የተሰደደ ቤተሰብ ሊኖር ስለሚችል እስኪጨርስ መስማት ያስፈልጋል።

የባከነውን ጊዜ በሌሊት ችከላ ለመካስ መሞከር

ከዝግቱ በኋላ የመጡት ሴሚስተሮች የተጨመቁ ነበሩ። አራት ወር የሚፈልገው ኮርስ በሳምንታት ተሰጠ፤ ተማሪውም ፈተና ሲደርስ ሃንድአውቱን ሌሊቱን ሙሉ እየደጋገመ አንብቦ ማለፍን ተማረ። የአስቸኳይ ጊዜው መላ የዘወትር ልማድ ሆኖ ቀረ፤ ለታናናሾቹም ተላለፈ። በእኔ እምነት ከወረርሽኙ ከወረስናቸው የአጠናን ጉዳቶች የከፋው ይህ ነው።

ደጋግሞ ማንበብ የማወቅን ስሜት ይሰጣል፤ ዓይን የለመደውን ገጽ አእምሮ የያዘው ይመስለዋል። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ለሁለት ከፍለው አንዱን ቡድን ጽሑፍ ደጋግሞ እንዲያነብ፣ ሌላውን አንብቦ ሲያበቃ ያስታወሰውን እንዲጽፍ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በለጧቸው። ከፈተናው በፊት ባለው ሌሊት የሚቸክል ተማሪ የመጀመሪያውን ውጤት እንጂ ሁለተኛውን አያይም፤ ስለዚህም ዘዴው የሠራለት ይመስለዋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና የዓመታትን ትምህርት በአንድ ላይ ሲጠይቀው ነው ባዶነቱ የሚገለጥለት።

በዚህ ላይ እንቅልፍ አለ። ቀን የተማርነው ነገር በትውስታችን ውስጥ እንዲጸና እንቅልፍ ትልቅ ድርሻ አለው፤ ለአዋቂ ሰውም ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት ይመከራል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ግማሽ ያህል ካፌይኑ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ገና ደም ውስጥ ነው። ጫት ደግሞ እንቅልፍ ከመንሳቱ በላይ ምርቃናው ሲወርድ የሚተወው ድብርት አለው፤ ያንን ድብርት ለማባረር እንደገና ይቃማል። የልብ መምታትና የእጅ መንቀጥቀጥ የቡናም የጫትም የጭንቀትም ምልክት በመሆኑ ተማሪው ፈተና ክፍል ሲገባ የትኛው እንደያዘው እንኳ መለየት ያቅተዋል። አንዳንዴ አማካሪ ሆኜ የምሰጠው ምክር ሁሉ «በመጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ተኛና ና» የሚል ይሆናል፤ ይስቁብኛል።

ከችከላ ይልቅ የሚያዋጣው አሠራር ገንዘብ አይጠይቅም። ከትምህርቱ በኋላ ሃንድአውቱን ዘግቶ የሚታወሰውን በባዶ ወረቀት መጻፍ፣ የጎደለውን ማየት፣ ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ ያንኑ መድገም፣ የቆዩ ፈተናዎችን ከዶርም ጓደኛ ጋር መሥራትና አንዱ ለሌላው ማስረዳት ነው። የመጨረሻው በተለይ ይጠቅማል፤ ዝግቱ ከወሰዳቸው ነገሮች አንዱ አብሮ ማጥናት ነውና። ቴሌግራም ላይ 300 ፒዲኤፍ አከማችቶ ለብቻ መቀመጥ አብሮ ማጥናትን አይተካም።

የአእምሮን ሕመም በጨጓራ ስም መጥራት

ተማሪ ክሊኒክ ሄዶ «ከፍቶኛል» አይልም። «ጨጓራዬ ነው»፣ «ራሴን ያመኛል»፣ «ልቤ ይመታል» ይላል፤ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቶት ይመለሳል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም ያንኑ ይዞ ይመጣል። ሕመሙ ውሸት አይደለም፤ ጭንቀትና ድባቴ በሰውነት በኩል በእርግጥ ይናገራሉ። ስህተቱ ሌላውን ግማሽ መደበቅ ነው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ያደገ ልጅ፣ የአእምሮ ሕክምና ሲባል «ተነካ» መባል ብቻ የሚታየው ልጅ፣ ዝም ቢል አይፈረድበትም፤ ነገር ግን አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለዚህም ይሠራል። ክሊኒክ ሲኬድ እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ትምህርት ላይ ማተኮር አለመቻል፣ ድሮ ደስ ይል የነበረው ነገር መጥላት መቼ እንደጀመረ አብሮ መናገር ለባለሙያው ግማሹን ሥራ ያቀልለታል። እነዚህ ምልክቶች በየቀኑ ማለት ይቻላል ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆዩ መታየት አለባቸው።

ተቃራኒው ስህተትም እየተስፋፋ ነው። የፈተና ዋዜማ ፍርሃትን ሁሉ ድባቴ ብሎ መጥራት፣ ከቲክቶክ ላይ ራስን መርምሮ ስም መስጠት ችግሩን አያቀልለውም። የዓለም ጤና ድርጅት በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድባቴ በዓለም ላይ 25 በመቶ እንደጨመሩ አስታውቋል፤ ይህ ቁጥር ግን ስለ አንድ ተማሪ ምንም አይናገርም።

ሳይሰናበቱ ግቢውን ጥሎ መሄድ

ከተመላሾቹ መካከል ጎበዝ የምለው አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ከተፈተነ በኋላ ጠፋ። የዶርም ጓደኞቹ ቤቱ የሄደ መሰላቸው፤ ቤተሰቡ ግቢ ያለ መሰላቸው። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ቢሮዬ መጣ። ውጤቱ ኤፍ በኤፍ ሆኗል። «ቲቸር፣ ጠዋት መነሣት አቃተኝ፤ ክላስ በር ድረስ እሄድና እመለስ ነበር» አለኝ፤ ወንድሙ ያን ጊዜ ነው የሰማው። እኔም ክፍል ውስጥ በቀሪነት ምልክት ከማድረግ በቀር አልጠየቅሁም ነበር፤ የዚህ ስህተት ግማሹ የመምህሩ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ይህ ልጅ ያጣው የአንድ ቅጽ ያህል ነገር ነው። የሴኔት ሕጉ (የዩኒቨርሲቲው መተዳደሪያ ደንብ) ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ቢለያይም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። ሸክሙ ሲከብድ መጀመሪያ በአድና ድሮፕ (ኮርስ በሚጨመርበትና በሚቀነስበት) ጊዜ ኮርስ መቀነስ ይቻላል፤ በሕመም ፈተና ያመለጠው ማስረጃውን ሳይዘገይ አቅርቦ ሜክአፕ (ምትክ ፈተና) ይጠይቃል፤ ጨርሶ ካልተቻለ ደግሞ የሕክምና ማስረጃ ይዞ፣ ከትምህርት ክፍሉ ጀምሮ እስከ ሬጅስትራር አስፈርሞ፣ ክሊራንስ (ከዕዳ ነጻ መሆኑን ማረጋገጫ) ጨርሶ ዊዝድሮዋል (ትምህርት ለጊዜው የማቋረጫ ቅጽ) ይሞላል። እንዲህ የወጣ ተማሪ ሲሻለው ሪአድሚሽን (ተመልሶ የመግባት ፈቃድ) ጠይቆ ካቆመበት የመቀጠል ዕድል አለው፤ ዝም ብሎ የጠፋው ግን ለእያንዳንዱ ኤፍ ምክንያት ሲያስረዳ ይኖራል። ቀነ ገደቡን አስቀድሞ ከሬጅስትራር መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የታመመ ሰው ወረቀት ማዞር ስለሚከብደው ከዶርም ጓደኞቹ አንዱ አብሮት ቢዞር ይመረጣል። «ተባሮ መጣ ይሉኛል» የሚለው ፍርሃት ብዙዎችን ከዚህ መንገድ ያስቀራቸዋል። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ የሰፈር ሰው ይላል። በኤፍ የተባረረም ግን ያንኑ ከመባል አይተርፍም።

ስለ ውጤት ብቻ መጠየቅ

ይህ የወላጆች ነው፤ አጭር ነው። ስልክ ሲደወል «ትምህርት እንዴት ነው? ስንት አመጣህ?» ይባላል፤ መልሱ «ደህና ነኝ እማዬ» ነው። ቤተሰቡ ከሌለው ላይ ቆርሶ ስለሚልክ መጠየቁ አያስወቅስም። ነገር ግን ከውጤቱ በፊት «ምን በላህ፣ ከማን ጋር ነው የምትውለው፣ እንቅልፍህስ?» ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ልጁ እየራቀ መሆኑን ከሬጅስትራር ቀድሞ ያውቃል።

ጸበልንና መድኃኒትን ማጣላት

ጸበል፣ ጸሎትና ዱዓ ለብዙ ተማሪ የመጀመሪያው መጽናኛ ናቸው፤ ከሰው ጋርም ያገናኙታል፣ ይህም በራሱ ጥቅም አለው። ችግር የሚመጣው መድኃኒት የተጀመረለት ልጅ በእምነት ስም አቋርጥ ሲባል ነው። የድባቴ መድኃኒት ውጤቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ በ4ኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ መተው የተለመደ ነው፤ በድንገት ማቋረጥም የራሱ ጣጣ አለው። ማቆም ያሰበ ሰው ካዘዘለት ሐኪም ጋር ሆኖ ያቁም። ሁለቱን አብሮ መያዝ እንደሚቻል የሚያውቁና የሚመክሩ አባቶችም አሉ፤ እነርሱን መፈለግ ነው።

ስለ ሞት ሲናገር እንዳልሰሙ መሆን

«እኔ ባልኖር ይሻላል» የሚል ንግግር ዶርም ውስጥ በቀልድ መልክ ሊመጣ ይችላል። ጓደኞች ሁለት ስህተት ይሠራሉ፦ ርእስ ይለውጣሉ፣ ወይም ለማንም ላለመናገር ቃል ይገባሉ። በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ «ራስህን ስለመጉዳት እያሰብክ ነው?» ማለት ብዙ ጊዜ እፎይታ ነው የሚሰጠው። መልሱ አዎ ከሆነ ምስጢር መጠበቅ ቀርቶ ብቻውን አለመተው ይቀድማል። አንዱ ከእርሱ ጋር ይቀመጥ፤ ሌላው ፕሮክተሩን (የዶርም ተቆጣጣሪውን) ወይም ጥበቃውን ጠርቶ፣ የተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት እንዲያውቅ አድርጎ፣ በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሚሄድበትን መኪና ይፈልግ። የሥነ አእምሮ አገልግሎት አዲስ አበባ ላይ ባለው በአማኑኤል ሆስፒታል ብቻ የሚገኝ የሚመስላቸው አሉ፤ ከመዲናዋ ውጭም አገልግሎቱን የሚሰጡ ሆስፒታሎች ስላሉ የቅርቡ ይቀድማል። ሌሊት ከሆነ ጠዋት ክሊኒኩ እስኪከፈት አይጠበቅም።