ታሪኩ ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲጀምር፦ የልቦለድ መክፈቻ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ሰዎች ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተሰብስበን የጻፍነውን እንደማመጣለን። ደንባችን አንድ ነው። ጸሐፊው የራሱን ጽሑፍ አያነብም፤ ሌላ ሰው ያነብለታል፣ እሱ የአድማጮቹን ፊት ያያል። ያጎነበሰ አንገት ቀና ያለበትን ዓረፍተ ነገር በእርሳስ ያሰምርበታል። ያ መስመር በአብዛኛው የሚወድቀው ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች ሁሉ የተገኙት በዚሁ እርሳስ ነው።

ምልክት፦ አድማጩ «ቆንጆ ነው» ይላል፤ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ግን አይጠይቅም

ምክንያቱ፣ ከእርሳሱ መስመር በፊት ያሉት ገጾች የጸሐፊው ማሟሟቂያ መሆናቸው ነው። አንዲት ጓደኛችን ያመጣችው ታሪክ የረር ተራራ ላይ በተኛ ጉም ይጀምራል፤ ወፎች ይንጫጫሉ፣ ፀሐይ ትወጣለች፣ ሕንፃዎቹ አንድ በአንድ ይገለጻሉ። ባለታሪኳ ከቤቷ የምትወጣው ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው። ጉሙ በሚገባ ተጽፏል። ነገር ግን ጉሙን የሚያይ፣ በጉሙ የሚቸገር ሰው የለም።

መፍትሄ፦ ሁለት ነገር ጠይቁ። ይህች ሴት በዚህች ሰዓት የምትፈልገው ምንድን ነው? የሚከለክላትስ ማን ወይም ምን ነው? ሁለቱም መልሶች የተገናኙበትን የመጀመሪያ ቦታ ፈልጉና ከእሱ በላይ ያለውን በሙሉ ወደ ሌላ ደብተር አዛውሩት። አትቅደዱት። ጓደኛችን እንዲህ ብላ እንደገና ጀመረችው፦

«ውሃው የመጣው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። አልማዝ ሁለት ጀሪካን አንጠልጥላ ከአራተኛ ፎቅ ስትወርድ ግን የግቢው ቧንቧ እጀታ ተነቅሎ ተወስዷል።»

ኮንዶሚኒየም የሚል ቃል የለም፤ አራተኛው ፎቅና ጀሪካኑ ይናገራሉ። ውሃ በፈረቃ የሚጠብቅ ሰው የዚያችን ሰዓት ዋጋ ያውቃል፤ የማያውቀውም ሰው ሴትዮዋ በዚያ ሌሊት መውረዷን አይቶ ይረዳዋል። በሕልም ወይም ከእንቅልፍ በመንቃት የሚጀምር ታሪክም ሕመሙ ይኸው፣ መድኃኒቱም ይኸው ነው።

ምልክት፦ «ይሄኛው ማን ነበር?»

በመጀመሪያው ገጽ ስድስት ስም ተደርድሯል። አልማዝ የወርቅነህ ወንድም ሚስት ናት፤ ወርቅነህ የእድሩ ዳኛ ነው፤ የጥበቃ ሠራተኛው ደግሞ የአክስቱ ልጅ ነው። ጸሐፊው ዝምድናውን ካላብራራ አንባቢው የሚጠፋበት ይመስለዋል። አንባቢው የሚጠፋው ግን በማብራሪያው ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ ትልቅ ሀብት አለው፣ ብዙዎቻችን ሳንጠቀምበት እናልፋለን። «ጋሼ፣ እጀታው እርስዎ ጋ ነው ይባላል» ትበል። ሰውየው ታላቋ መሆኑን፣ እንደምታከብረው፣ እንደምትጠረጥረውም በአንድ ዓረፍተ ነገር አወቅን። ከአምስት መስመር በኋላ ያው አፍ «ስጠኝ!» ካለ ደግሞ ጠቡ ተጀምሯል፤ «ተናደደች» ብሎ መጻፍ አያስፈልግም። የሰውየው ስም ሁለተኛው ትዕይንት ላይ ቢመጣ ይበቃል።

በዚሁ ላይ ተራኪው ሰውየውን «አለ» እንደሚለው ወይም «አሉ» እንደሚላቸው ከመጀመሪያው መስመር በፊት ወስኑ። አንድ ገጽ ላይ ሁለቱ ሲቀላቀሉ አንባቢው ሁለት ሰዎች ያሉ ይመስለዋል፤ የተራኪውም አቋም ይናጋል። ይህን ስህተት ከማንኛውም ስህተት አብልጬ አግኝቼዋለሁ።

ምልክት፦ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ይነበባል

«ከከተማዋ ዳርቻ በተሠራው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ከሁለት ልጆቿ ጋር የምትኖረውና ባሏ ውጭ አገር ከሄደ ሁለት ዓመት የሆናት አልማዝ…»

በቋንቋችን ገላጩ ከስሙ ይቀድማል፣ ግሱ ከሁሉ ኋላ ይመጣል። ስለዚህ አንባቢው ባለቤቱን ሳያውቅ ሸክሙን ይዞ ይቆያል። ከስሙ በፊት ከአንድ «የምት…» በላይ አታስቀምጡ፤ ልጆቹ በራቸውን ሲያንኳኩ ይምጡ። የግሱ መዘግየት ራሱ ግን ጥቅም አለው። ከላይ ባለው መክፈቻ መጥፎው ዜና «ተነቅሎ ተወስዷል» የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ደረጃውን ከአልማዝ ጋር ከወረድን በኋላ።

ምልክት፦ ታሪኩ ከአያት ቅድመ አያት ይጀምራል

ይህን ሳነሳ ሁልጊዜ አንድ ሰው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ይጠቅስልኛል። እውነት ነው፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ ከዋናው ባለታሪክ ከበዛብህ አስቀድሞ ስለ አባቱ ስለ ቦጋለ መብራቱ ይተርካል። ነገር ግን ወላጆቹ የተሳሉት ስለት ልጁን ካደገም በኋላ ይከተለዋል። የእናንተ ባለታሪክ አያት እንዲህ ያለ ዕዳ ካስቀመጡለት ከእሳቸው ጀምሩ። ካላስቀመጡ፣ ጋቢያቸው ከሣጥን እስኪወጣ ድረስ ይጠብቁ።

ምልክት፦ መክፈቻው ይጮኻል፣ ምዕራፍ ሁለት ዝም ይላል

አንድ ሰው በመጀመሪያው መስመር ይገደላል፤ ከዚያ ሠላሳ ገጽ ስለ ሰርግ ዝግጅት ነው። ጸሐፊው አንባቢው እንዳይሄድበት ፈርቷል። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሟቹ መጨረሻው ላይ ምንም የማያጎድል ከሆነ መግደሉ አላስፈለገም።

የጓደኛችን ጉም ምዕራፍ አራት ላይ ተመልሶ ገባ። አልማዝ የውሃ ታንከሩን ልታይ ጣሪያ ላይ ትወጣለች፤ ታንከሩ ባዶ ነው፣ የረር ደግሞ እስከ ወገቡ ድረስ በጉም ተሸፍኗል። ከደብተሩ ሁለት መስመር ብቻ ነው የወሰደችው። ያን ቀን ሲነበብ ማንም አላጎነበሰም።