ከመጠለያ የመጣ ውሻ አዲሱን ቤት እንዲለምድ እንዴት መርዳት ይቻላል

ከመጠለያ የተወሰደ ውሻ አዲስ ቤት በገባበት ዕለት ብዙውን ጊዜ ድምፁ አይሰማም። አይጮህም፣ ዕቃ አያኝክም፣ ባገኘው ጥግ ኩርምት ብሎ ይውላል፤ ቤተሰቡም «እንዴት ያለ ጨዋ ውሻ አገኘን!» ብሎ ይደሰታል። ይሁን እንጂ የዚህ ዝምታ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ፍርሃት ነው። እስከ ትናንት የሚያውቀው ሽታ፣ ድምፅ፣ የምግብ ሰዓትና ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተለውጦበታል፤ የት እንደመጣና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ የሚያውቅበት መንገድም የለውም። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ በገባ እንስሳ ሰውነት ውስጥ ኮርቲዞል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ስለሚጨምር፣ መብላትም፣ መተኛትም፣ አዲስ ነገር መማርም ይከብደዋል። በመሆኑም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአሳዳጊው የሚጠበቀው ጥቂት ነገሮችን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓትና መንገድ ማከናወን ብቻ ነው። ውሻውን ለማስደሰት ብሎ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ማድረግ ጭንቀቱን ያባብሰዋል።

በውሻ መጠለያዎች ዘንድ በሰፊው የሚነገር አንድ የጊዜ መለኪያ አለ። ውሻው ከድንጋጤው ለመውጣት 3 ቀናት፣ የቤቱን ሥርዓት ለመልመድ 3 ሳምንታት፣ ቤቱን የራሱ አድርጎ ለመቀበል ደግሞ 3 ወራት ይፈጅበታል ይባላል። ይህ ግምት ስለሆነ እንደ ቁርጥ ቀጠሮ ሊያዝ አይገባም። በተለይ ቡችላ ሳለ፣ ይኸውም በግምት ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ዕድሜው ባለው ጊዜ፣ ሰው ሳይቀርበው ያደገ ውሻ ለመረጋጋት ከዓመት በላይ ሊወስድበት ይችላል።

ደረጃ 1፦ ከመምጣቱ በፊት ቤቱን ያዘጋጁ

ሰው የማይተላለፍበት፣ ጸጥ ያለ አንድ ጥግ ይምረጡለትና ምንጣፍና ውሃ ያስቀምጡበት። ጀርባውን ግድግዳ የሚሸፍንለት ቦታ ወይም በሩ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ የውሻ ሳጥን ቢሆን የተሻለ ነው። የቤተሰቡ አባላት ሁሉ አንድ ጥብቅ ደንብ ይኑራቸው፤ ውሻው እዚያ ጥግ ውስጥ ሳለ ማንም አይጠጋውም፣ አይነካውም፣ ጎትቶም አያወጣውም። ሶፋ ላይ መውጣት ይፈቀድለታል ወይስ አይፈቀድለትም፣ ሲጠራ የትኛው ቃል ይነገረዋል የሚሉትን ጥያቄዎችም አስቀድመው ይወስኑ፤ አንዱ የከለከለውን ሌላው ሲፈቅድ ውሻው ግራ ይጋባል።

የኤሌክትሪክ ገመዶችንና መድኃኒቶችን ከአፉ ያርቁ። ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ፣ ሽንኩርት እንዲሁም ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ ያለበት ማስቲካ ለውሻ መርዝ መሆናቸውን አይዘንጉ። ከመጠለያው ሲረከቡት ደግሞ ሲመገብ የቆየው ምን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት ይመገብ እንደነበር፣ ምን እንደሚያስፈራውና የትኞቹን ክትባቶች እንደወሰደ ጠይቀው በጽሑፍ ይያዙ።

ደረጃ 2፦ በጉዞና በመግቢያው ሰዓት እንዳያመልጥ ይጠንቀቁ

የደነገጠ ውሻ ወደ ኋላ እየተሳበ አንገቱን ከማሰሪያው ያወጣል፤ ከዚያም የሚመለስበትን ቤት ገና ስለማያውቅ ዝም ብሎ ይሮጣል። ይህን አደጋ ለመከላከል የአንገት ማሰሪያና የደረት ማሰሪያ በአንድነት ያድርጉለት፤ ገመዱንም ከሁለቱም ጋር ያያይዙት። በአንገት ማሰሪያውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት ብቻ የሚገባበት ክፍተት ሊኖር ይገባል። የስልክ ቁጥርዎ የተጻፈበት መለያ ገና ከመጠለያው ሳይወጣ አንገቱ ላይ ይንጠልጠል።

ከቆዳው ሥር ማይክሮቺፕ የተቀበረበት ውሻ ከሆነ ምዝገባውን ወዲያውኑ በስምዎ ያዛውሩ። ብዙዎች ማይክሮቺፕ ውሻው ያለበትን ቦታ የሚያሳይ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን ይህ የሩዝ ፍሬ የምታክል ዕቃ በማንበቢያ መሣሪያ ሲቃኝ የሚታይ አንድ ቁጥር ብቻ መያዙ ነው። ከቁጥሩ ጋር የተመዘገበው ስልክ የቀድሞ ባለቤቱ ከሆነ ውሻው ቢገኝም የሚደወለው ለእርስዎ አይደለም።

ከመጠለያው በቀጥታ ወደ ቤት ይውሰዱት እንጂ በመንገድ ላይ ለዘመድ ወይም ለጎረቤት ለማሳየት አይቁሙ። ሲደርሱ በመጀመሪያ የሚጸዳዳበትን ቦታ ያሳዩትና እስኪጨርስ በትዕግሥት ይጠብቁት። ከዚያ በኋላ ገመዱን ሳይፈቱ ቤት ያስገቡትና በራሱ ፍጥነት እያሸተተ እንዲመለከት ይፍቀዱለት።

ደረጃ 3፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመልከቱት እንጂ አይጫኑት

ከሁሉም ደረጃዎች ይህኛው ዋነኛ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ብዙ አሳዳጊዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ያዘነ እንስሳ ሲያይ ማቀፍና ማባበል የሚፈልግ ሰው ልቡ ደግ ነው፤ ነገር ግን ለውሻ ከላይ ጎንበስ ብሎ የሚያቅፈው የማያውቀው ሰው መውጫ የሚያሳጣው ሰው ነው። ስለዚህ ወለል ላይ ወደ ጎን ዞረው ይቀመጡ፣ ዓይኑን አትኩረው አይዩት፣ ጥቂት ቁራሽ ምግብ በአጠገብዎ አስቀምጠው የራስዎን ሥራ ይሥሩ። ራሱ መጥቶ ሲያሸትትዎ ደረቱን ወይም የትከሻውን ጎን ለሦስት ሰከንድ ያህል ዳብሰው እጅዎን ይመልሱ። ይበልጥ ከተጠጋ መቀጠል ይችላሉ፤ ፊቱን ካዞረ ግን በቃኝ ማለቱ ነው።

ውሻ ጭንቀቱን የሚናገረው በአካሉ ነው። ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ደጋግሞ ይልሳል፤ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል፤ ጆሮውን ወደ ኋላ ያጥፋል፤ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ይሸጉጣል፤ ፊቱን አዙሮ የዓይኑ ነጭ እስኪታይ በጎን ይመለከታል። ከሁሉም የሚያሰጋው በድንገት ደርቆ መቆሙ ነው፤ ከዚህ ቀጥሎ ንክሻ ሊመጣ ይችላል። ካጉረመረመ በፍጹም አይቅጡት፤ ቆም ይበሉ፣ ራቅ ይበሉ፣ ምን እንዳስፈራውም ያስቡ። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፤ ስላጉረመረመ የተቀጣ ውሻ ፍርሃቱ ሳይቀንስለት ማስጠንቀቂያውን ብቻ ይተዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ሊነክስ ይችላል።

እኔ ያሳደግኋት አንዲት ውሻ ለ11 ቀናት ከሶፋው ኋላ አልወጣችም ነበር። ምግቧን ሁላችንም ከተኛን በኋላ ትበላ ነበር፤ እኛም ጠዋት ጠዋት ባዶ ሳህን እያየን መብላቷን እንረዳ ነበር። በ12ኛው ቀን ማለዳ መጽሐፍ እያነበብኩ ሳለሁ ቀዝቃዛ አፍንጫዋን ቁርጭምጭሚቴ ላይ አሳረፈች። ያን ጊዜ እጄን ለመዘርጋት በጣም ጓጉቼ ነበር፤ ባለመዘርጋቴ ግን በማግሥቱም መጣች።

በነዚህ ቀናት እንግዳ አይጥሩ፣ ገላውን አይጠቡት፣ ወደ ገበያ ወይም ሕዝብ ወደሚበዛበት ቦታም አይውሰዱት። አብዝቶ ቢተኛ አይስጉ፤ ጤነኛ የሆነ ትልቅ ውሻ እንኳ በቀን 12 ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይተኛል።

ደረጃ 4፦ ምግብና ሽንት

በመጠለያው ሲመገበው የነበረውን ምግብ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አይለውጡ። መለወጥ ካስፈለገ ከ7 እስከ 10 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ያድርጉት፤ በመጀመሪያ ሩቡን ብቻ አዲስ ምግብ፣ ቀጥሎ ግማሹን፣ ከዚያም ሦስት አራተኛውን እያደረጉ ይቀላቅሉ። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን እምብዛም ባይበላ የተለመደ ነው። ከ2 ቀናት በላይ ካልበላ፣ ካስመለሰው ወይም ዓይነ ምድሩ ደም ካለበት ግን ወደ ሐኪም ይውሰዱት፤ ቡችላ ከሆነ ደግሞ ይህን ያህል አይጠብቁ።

በመጠለያ የኖረ ውሻ ቤት ውስጥ መጸዳዳት ነውር መሆኑን ላያውቅ ይችላል። ከእንቅልፍ ሲነሣ፣ ከበላና ከተጫወተ በኋላ፣ በተረፈው ጊዜም በየ2 እና 3 ሰዓቱ ወደ አንድ የተወሰነ ቦታ ያውጡት፤ እዚያው ሲጸዳዳ በዚያው ቅጽበት ያመስግኑት፣ ቁራሽም ይስጡት። ቤት ውስጥ ቢሸና አይጩኹበት። ቦታውን ኢንዛይም (የሽንቱን ቅሪት የሚያፈርስ ንጥረ ነገር) ባለበት ማጽጃ ያጽዱ፤ አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ሽታው ከሽንት ስለሚቀራረብ እዚያው እንዲደግም ሊጋብዘው ይችላል።

ደረጃ 5፦ የእንስሳት ሐኪም ያሳዩት

በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ክትባቶቹ፣ በተለይም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ መሟላታቸው ይረጋገጥ፤ ለሆድ ትላትል፣ ለመዥገርና ለቁንጫም ይመርመር። እንደ ፓርቮ (በቫይረስ የሚመጣ ከባድ የውሾች የተቅማጥና የትውከት በሽታ) ያሉ በሽታዎች ምልክታቸው ሳይታይ እስከ 2 ሳምንታት ሊቆዩ ስለሚችሉ እስከዚያ ካልተከተቡ ውሾች ጋር አያገናኙት።

ደረጃ 6፦ ከልጆችና ከሌሎች እንስሳት ጋር ያስተዋውቁት

ቤት ውስጥ ሌላ ውሻ ካለና የሐኪሙ ምርመራ ካለቀ፣ ሁለቱ የሚተዋወቁት የማንኛቸውም ግዛት ባልሆነ ሜዳ ላይ ይሁን። ሁለት ሰዎች ሁለቱን ውሾች ይዘው በመካከላቸው ሰፊ ርቀት ትተው በአንድ አቅጣጫ ይራመዱ፤ ውሾቹ ዘና እያሉ ሲሄዱ ርቀቱን በጥቂት በጥቂቱ ያጥብቡ። ገመዱ እንዳይወጠር ይጠንቀቁ፤ የተወጠረ ገመድ ውጥረቱን ወደ ውሻው ያስተላልፋል። ቤት ሲገቡ ሳህኖችና መጫወቻዎች ከወለል ላይ ይነሡ፤ ለየብቻቸውም ይመገቡ። ድመት ካለች በመጀመሪያ በተዘጋ በር ይለያዩ፣ አንዳቸው የተኙበትን ጨርቅ ለሌላው ያሸትቱ፤ ከዚያም ውሻው በገመድ ታስሮ ድመቷ ደግሞ ከፍ ያለ ማምለጫ ኖሯት ይተያዩ።

ልጆችን በሚመለከት ግን መደራደር የለም። ሲበላና ሲተኛ አይቀርቡትም፣ አያቅፉትም፣ አንድ አዋቂ በሌለበት ክፍልም ከእርሱ ጋር ብቻቸውን አይቀሩም።

ደረጃ 7፦ ብቻውን መቆየትን ያስለምዱት

አንድ ሳምንት ፈቃድ ወስደው ከአጠገቡ ሳይለዩ ቆይተው በስምንተኛው ቀን ለ8 ሰዓት ትተውት ቢሄዱ ሊደነግጥ ይችላል። ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ከክፍሉ ወጥተው ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ይመለሱ፤ ሲረጋጋ ወደ ደቂቃዎች ከፍ ያድርጉት። ሲወጡም ሲመለሱም ብዙ ስንብትና ሰላምታ አያብዙ። ስልክዎን ቀረጻ ላይ አድርገው ይተዉት፤ የመለየት ጭንቀት ያለበት ውሻ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ውስጥ ያለከልካል፣ ለሐጩን ያዝረበርባል፣ በሩን ይቧጭራል። ተመልሰው የተበላሸ ነገር ቢያገኙ አይቅጡት። ጥፋቱን ያመነ የሚመስለው አንገት መድፋቱ የእርስዎን ቁጣ ፈርቶ የሚያሳየው ነው፤ ከአንድ ሰዓት በፊት ካደረገው ጋር አያያይዘውም።

ደረጃ 8፦ እውነተኛ ጠባዩ ሲወጣ አይደንግጡ

ከ3ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ጸጥተኛው ውሻ ሊጮህ፣ ገመድ ሊጎትት፣ አጥንቱን ይዞ ሊያጉረመርም ይችላል። ብዙ ሰዎች በዚህ ጊዜ «ተበላሸ» ብለው ይመልሱታል፤ ይህ እጅግ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ውሻው ራሱን መግለጥ የጀመረው ለመጀመሪያ ጊዜ ደኅንነት ስለተሰማው ነው። የያዘውን ነገር በኃይል አይቀሙት፤ የበለጠ የሚወደውን ቁራሽ ከአጠገቡ ጣል አድርገው ለመውሰድ ራቅ ሲል ዕቃውን ያንሡ፣ የሚቻል ከሆነም መልሰው ይስጡት። እንዲህ ሲደጋገም የሰው እጅ መቅረብ ትርፍ የሚያመጣ መሆኑን ይማራል። መቀመጥንና ሲጠሩት መምጣትን በቀን ጥቂት ጊዜ፣ በየጊዜው ለ5 ደቂቃ ያህል፣ በሽልማት ብቻ ያስተምሩት።

ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ በቅድሚያ የሕመም ምርመራ ይደረግለት፤ ጥርሱን ወይም መገጣጠሚያውን የሚያመው ውሻ ሲነኩት ሊቆጣ ይችላል። ሕመም ካልተገኘና ንክሻ ወይም ለሳምንታት የማይቀንስ ፍርሃት ካለ፣ ያለ ቅጣት የሚያሠለጥን ባለሙያ ይፈልጉ። አዳዲስ መንገዶችን፣ እንግዶችንና ረዘም ያሉ ጉዞዎችን ማከል የሚጀምሩት ደግሞ ውሻው ሲጠሩት ጅራቱን ልል አድርጎ ሲያወዛውዝ፣ ጥጉን ትቶ በክፍሉ መካከል በጎኑ ተዘርግቶ ሲተኛ፣ በአጠገቡ ሲያልፉም ዓይኑን ሳይገልጥ እንቅልፉን ሲቀጥል ነው።