ለሩጫ አጥንታችሁን እንዴት ታዘጋጃላችሁ?

መስከረም ሲጠባ አዲስ አበባ ውስጥ ሯጭ ይበዛል። ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ አለ፤ 10 ኪሎ ሜትር። ጀማሪው በጥቂት ሳምንት ትንፋሹ ይስተካከልለታል። ደስ ይለውና ርቀት ይጨምራል። ከዚያ ቅልጥሙን ያመዋል።

ትንፋሽ ቶሎ ይለምዳል፣ አጥንት ግን ቀርፋፋ ነው። ሥጋ ቤት የምንመጠው ቅልጥም ደረቅ እንጨት ቢመስልም፣ በእኛ እግር ውስጥ ያለው ደም ይዞርበታል፣ ሁልጊዜም ይታደሳል። ጫና ሲበዛበት መጀመሪያ የተጎዳውን የሚያፈርሱ ሴሎች ይገባሉ። ገንቢዎቹ ዘግይተው ይደርሳሉ። አንድ ቦታ ፈርሶ እስኪገነባ ሦስት አራት ወር ይፈጃል። አደገኛው መሀል ላይ ያለው ጊዜ ነው፤ ያኔ ካበዛችሁበት እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይወጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ቀደም ብሎ መጀመር ነው። ለኅዳር ከሆነ ሐምሌ ላይ ጀምሩ። ዝናቡን ቻሉት።

ሁለተኛ፣ ሩጫን ከእርምጃ ጋር ቀላቅሉ። አንድ ደቂቃ ሩጡ፣ ሁለት ደቂቃ ተራመዱ፤ ለጀማሪ 20 ደቂቃ ይበቃል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቀን እየዘለላችሁ። ስትሮጡ እግራችሁ መሬት በነካ ቁጥር የክብደታችሁ ሁለት ሦስት እጥፍ ያርፍበታል። እርምጃችሁን አጠር ካደረጋችሁት ምቱ ይቀንሳል።

ሩጫ በሌለበት ቀን ገመድ ዝለሉ፣ 20 ወይም 30 ጊዜ ብቻ። አጥንት ጫና ባለበት በኩል ይወፍራል፤ የቴኒስ ተጫዋቾች ራኬት የሚይዙበት ክንድ አጥንት ከሌላው ወፍራም ነው። ግን ቶሎ ይሰለቻል፤ ከጥቂት ደርዘን ምት በኋላ ብትቀጥሉም ብዙ አይጨምርም። ዋናና ብስክሌት ለልብ ግሩም ናቸው፣ ለአጥንት ግን እምብዛም።

ምግብ ላይ አትሰስቱ። አዋቂ ሰው በቀን 1000 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም ያስፈልገዋል። ወተትና እርጎ በጾም ቢቀሩም ጤፍ፣ ጎመንና ሰሊጥ አሉ። ለቫይታሚን ዲ ፀሐይ ሙቁ። ለመክሳት ብላችሁ ምግብ ቆርጣችሁ የምትሮጡ ግን አጥንታችሁን እየበላችሁ ነው። ሴት ሯጭ የወር አበባዋ ከቀረባት ሐኪም ታማክር።

ካመማችሁ ቅልጥማችሁን በአንድ ጣት ተጫኑት። ሕመሙ ሰፋ ብሎ ከተሰራጨና ሰውነት ሲሞቅ ከቀለለ፣ ብዙውን ጊዜ አጥንቱ አልተሰነጠቀም፤ ልምምዱን ቀንሱ። «ልክ እዚህ ጋ» የምትሉት አንድ ነጥብ ከሆነ፣ ሌሊትም ከቀሰቀሳችሁ፣ ሩጫውን አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። እንዲህ ያለ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ሕመሙ ካልለቀቃችሁ ስለ ኤምአርአይ፣ በማግኔት የሰውነትን ውስጥ ስለሚያሳየው ምርመራ፣ ጠይቁ።

እኔ ራጁ ንጹሕ ነው ስባል በሦስተኛው ቀን ሮጥኩ። የዚያን ዓመት ኅዳር ቲሸርቱን ለብሼ ዳር ቆሜ አጨበጨብኩ።