ሚዛኑ በአንድ ሌሊት ኪሎ ሲጨምር፦ ችግርና መፍትሄ

ምግቡን አስተካክሎ፣ በየቀኑ እየተራመደ ኪሎ የሚቀንስ ሰው አንድ ጠዋት ሚዛን ላይ ሲወጣ ከትናንቱ 1 ኪሎ ጨምሮ ያገኘዋል። ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው የሚያቋርጡት በዚያ ቀን ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ያን ጊዜ ስባቸው እየቀነሰ ሊሆን መቻሉ ነው።

ትናንት 78.2፣ ዛሬ 79.3

ምክንያት፦ የጨመረው ስብ አይደለም። 1 ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። ይህን ያህል ስብ በአንድ ቀን ለመጨመር፣ ከዕለት ምግብዎ ሌላ ለአብዛኛው ሰው ከሦስት ቀን በላይ የሚበቃ ምግብ መብላት ነበረብዎት። የጨመረው ውሃና ገና ከአንጀት ያልወጣ ምግብ ነው። ጨው የበዛበት እራት ውሃ ይዞ ይቆያል፤ ኩላሊት ትርፉን አጣርቶ እስኪያስወጣ አንድ ሁለት ቀን ሊፈጅበት ይችላል። ካርቦሃይድሬት የበዛበት ምግብም እንዲሁ ነው፤ ጡንቻና ጉበት ግላይኮጅን በሚባል የስኳር ክምችት መልክ ሲያስቀምጡት ከእያንዳንዱ ግራም ጋር 3 ግራም ያህል ውሃ አብሮ ይገባል። የሆድ ድርቀትም የራሱን ይጨምራል። በዳይት የመጀመሪያ ሳምንት ኪሎ በፍጥነት የሚወርደውም በአብዛኛው ይኸው ውሃ ስለሚወጣ ነው፤ በዚያው ፍጥነት ይቀጥላል ብለው አይጠብቁ።

መፍትሄ፦ ምንም አይቀይሩ። ቁርስ አይዝለሉ፣ ውሃም አይቀንሱ። ቁጥሩን ጽፈው ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቁ።

ጠዋትና ማታ አይገናኝም

ግማሽ ሊትር ውሃ ሲጠጡ ወዲያው ግማሽ ኪሎ ይጨምራሉ። ስለዚህ ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ምንም ሳይቀምሱ፣ በቀላል ልብስ ይመዘኑ። በተከታታይ ሁለቴ ወጥተው ቁጥሩ ከተለያየ ግን ሚዛኑን ይጠርጥሩ፦ ምንጣፍ ላይ ነው፣ ወለሉ ወጣ ገባ ነው፣ ወይም ባትሪው ደክሟል። ጠንካራ ወለል ላይ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ያስቀምጡት።

ስፖርት ጀመርኩ፣ ኪሎዬ ጨመረ

አዲስ እንቅስቃሴ ያልለመደው ጡንቻ ራሱን እየጠገነ ሳለ ውሃ ይይዛል፤ ሕመሙ የሚሰማዎትም በዚያው ሰሞን ነው። ስፖርቱን አይተዉ። በእምብርት ዙሪያ ወገብዎን በሜትር ይለኩ፤ ኪሎው ቆሞ ወገቡ ሲጠብ ብዙ ጊዜ ይታያል።

በየወሩ በተወሰኑ ቀናት ይጨምራል

ብዙ ሴቶች የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ውሃ ይይዛሉ፤ ከመጣ በኋላ ይወርዳል። የዚህን ሳምንት ኪሎ ካለፈው ሳምንት ጋር ሳይሆን ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ያስተያዩት።

ቁጥሩ ይወጣል ይወርዳል፣ መቀነሴን በምን ልወቅ?

በሳምንታዊ አማካይ። ለምሳሌ የሰባት ቀን ልኬት 78.4፣ 78.9፣ 78.2፣ 79.3፣ 78.6፣ 78.1፣ 78.3 ቢሆን ድምሩ 549.8 ነው፤ ለ7 ሲካፈል 78.5 ገደማ ይመጣል። ያለፈው ሳምንት አማካይ 78.9 ከነበረ 400 ግራም ያህል ቀንሰዋል ማለት ነው፤ ያውም 79.3 ያስደነገጠዎት ቀን እዚያው ውስጥ እያለ። ለእኔ ከዕለቱ ቁጥር ይልቅ የሚታመነው ይህ ነው።

አማካዩ ራሱ ከሦስት አራት ሳምንት በላይ አልወረደም

ይህ ግን በውሃ ብቻ አይሳበብም። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ሳይለካ በሚጨመር ዘይት፣ በጣፋጭ መጠጥና ምግብ ሲሠሩ በሚቀመሰው ነው። ለአንድ ሳምንት አፍዎ የገባውን ሁሉ በዚያው ሰዓት ይጻፉ፤ ማታ ላይ አስታውሰው የሚጽፉት ሁልጊዜ ይጎድላል። ሰውነትም ሲቀል የሚያቃጥለው ስለሚቀንስ፣ መጀመሪያ ላይ ኪሎ የቀነሰልዎት የምግብ መጠን አሁን በዝቶ ሊሆን ይችላል። ምግቡን ትንሽ ብቻ ይቀንሱ፤ ራስዎን አያስርቡ።

ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ኪሎው በጥቂት ቀናት በፍጥነት ጨምሮ እግር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ሳይዘገዩ ይታዩ፤ በተለይ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎት። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችም ውሃ ያስይዛሉና ለሐኪሙ ይንገሩ፤ በራስዎ ግን አያቋርጡ። የጠዋቱ ቁጥር ቀንዎን የሚያበላሽ፣ ምግብ የሚያስጠላዎት ከሆነ ደግሞ ሚዛኑን ለጊዜው ይተዉትና በወገብ ልኬት ብቻ ይከታተሉ፤ ካልቀለለዎት ይህንንም ለሐኪም ያማክሩ።