ጫካ ውስጥ የጥንት አዳኞችን ሰፈር እንዴት እንፈልግ?

ቆላ ዝናባማ ጫካ ገብታችሁ የድንጋይ መሣሪያ ብቻ ከፈለጋችሁ ባዶ እጃችሁን ነው የምትመለሱት፣ አፈሩ አሲድ ስለሆነ አጥንት ይበላል፣ እንጨትና ቅርጫቱማ ወዲያው ይበሰብሳል። ስለዚህ መጀመሪያ አጥንት ሊተርፍበት የሚችል ዋሻ ፈልጉ። ስሪላንካ ፋ ሂየን ዋሻ ውስጥ ወደ 48 ሺ ዓመት የሚጠጋ የአጥንት ቀስት ጫፍና የተበላ የጦጣ አጥንት ተገኝቷል።

ዋሻ ከሌለስ? ከፍ ያለ ቦታ እዩ። ቦሊቪያ ያኖስ ደ ሞሆስ የሚባለው ሜዳ በክረምት ውሃ ይውጠዋል፣ መሃል ላይ ግን ዛፍ የበቀለባቸው ጉብታዎች አሉ፣ አንዳንዶቹ ከ10 ሺ ዓመት በፊት ሰው በልቶ የጣለው የቀንድ አውጣ ቅርፊት ክምር ናቸው፣ ቅርፊቱ ደግሞ አሲዱን ስለሚያበርደው አጥንቱ ይተርፋል።

ዋናው ስራ አፈሩ ላይ ነው (ፈቃድ ሳይኖራችሁ ግን አካፋ እንዳታነሱ)። ከየንብርብሩ ትንሽ ሳታጥቡ በላስቲክ አስቀሩ፣ ለስታርች (ተክል ውስጥ ያለ ዱቄታማ ነገር) ምርመራ ይፈለጋል፣ ዱቄት ያለው ጓንትም አታድርጉ ዱቄቱ ራሱ የበቆሎ ስታርች ሊሆን ይችላል። የቀረውን ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ ቀስ አድርጋችሁ አማስሉት፣ ከሰሉ ሲንሳፈፍ ከላይ በላይ በስስ ጨርቅ አጥልሉት፣ ማድረቁ ጥላ ስር ነው፣ ፀሐይ ይሰነጣጥቀዋል። ብራዚል ፔድራ ፒንታዳ ዋሻ ውስጥ ሰዎቹ የዘንባባ ፍሬ ይበሉ እንደነበር የታወቀው ከተቃጠለ ፍሬ ነው። ለእድሜ ምርመራም ፍሬውን ላኩ፣ የእንጨት ከሰል ዛፉ ያረጀ ከሆነ ቀኑን ወደኋላ ይጎትተዋል።